የጭልጋው ድንጋይ ምስክር

ሰውአገኝ ጎንደር ከተማ ሥነ ምድር የሚያስተምር ሰው ነው። ቀሐ ወንዝ አጠገብ የተከራየው ቤት ግቢ ከበሩ እስከ ጓሮው ድንጋይ ተደርድሮበታል። ጎረቤቶቹ ሲያሙት፣ «ሌላው መምህር በድንጋይ ቤት ይሠራበታል፤ ይሄ ያጠናዋል» ይላሉ። ሐሜቱ ጆሮው ይደርሳል፤ ሲደርሰውም ይስቃል። እስካለፈው ዓመት ድረስ በድንጋይ ምክንያት የከፋበት ቀን አልነበረም።

የተወለደው ጭልጋ ውስጥ ጋባ ሜዳ በምትባል መንደር ነው። ከመንደሩ በታች፣ ወንዙ ገደሉን በበላው በኩል፣ በጥቁር ድንጋይ ንብርብር መሃል፣ እንደ ሽንኩርት በጣት የሚላጥ ግራጫ ድንጋይ አለ። የተማሩት ሼል ይሉታል። ጥንት የሐይቅ ጭቃ የነበረ፣ በላዩ ሌላ ጭቃና አለት ሲጫነው የደረቀና የጠነከረ ማለት ነው። የጋባ ሜዳ ሰው ግን ይህን ሁሉ ሳይማር ድንጋዩን ያውቀዋል። ክረምት ማገዶ ሲርስ ቁራጩን እሳት ውስጥ ሲከቱት እየተንጣጣ ይነዳል፤ ቤቱም ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ሴቶቹ ወጥ ያበላሻል ብለው አይወዱትም። ወንዶቹ ግን ከሌላ አገር ሰው ጋር ሲጨዋወቱ «የእኛ አገር ድንጋዩም ይነዳል» ሳይሉ አይነሡም።

ሰውአገኝን ለወግ ያበቃው ታላቅ ወንድሙ ዳኛው ነው። አባታቸው ሲሞት ዳኛው ትምህርቱን ትቶ ሞፈር ጨበጠ፤ ታናሹን አይከል ከተማ ቤት ተከራይቶለት አስተማረው። ስንቁን ራሱ በአህያ ጭኖ ያመጣለት ነበር፤ መንገድ ላይ ዝናብ ቢመታው ጋቢውን አውልቆ ስንቁን ያለብሳል እንጂ ራሱ አይለብስም። ሰውአገኝም ሥራ በያዘ ጊዜ በሽማግሌ ፊት ቆሞ፣ ከአባቱ መሬት የሚደርሰውን ሁሉ ለወንድሙ ተወ። በሁለቱ መካከል ክፉ ቃል ተሰምቶ አያውቅም። አገሩ ልጆቹን ሲመክር «እንደ ዳኛውና እንደ ሰውአገኝ» ይል ነበር።

ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ አንድ የማዕድን ድርጅት ጋባ ሜዳ መጣ። የድርጅቱ ሰው ምንይችል የሚባል፣ ጫማው ጭቃ ሲነካው የሚስቅ፣ ተጫዋች መሐንዲስ ነበር። ሼሉ ውስጥ የተፈጥሮ ጋዝ ይኖር እንደሆነ ለማወቅ እንደሚፈልጉ ነገራቸውና በዳኛው ማሳ ላይ ጫፋቸው ቀይ የተቀቡ ችካሎች ተክሎ ሄደ። ከመቆፈሩ በፊት ግን ድንጋዩ ጋዝ ከሚታወቅባቸው አገሮች ድንጋይ ጋር መወዳደር ነበረበት። ይህን ሥራ ሊሠራ የሚችል ጎንደር ውስጥ አንድ ሰው ነበር። ሰውአገኝ ለሁለተኛ ዲግሪው ፖላንድ ተልኮ ሳለ፣ በሼል ጋዝ እንከብራለን ብለው የነበሩት ኩባንያዎች ጉድጓዳቸውን ደፍነው ሲወጡ በዓይኑ አይቷል።

ወሬው ጋባ ሜዳ ሲደርስ ዳኛው አንድ ኬሻ ድንጋይ ሚኒባስ ላይ አስጭኖ ጎንደር ከች አለ።

«እንካ ሰዌ» አለ ኬሻውን ግቢው መሃል እያራገፈ። «ከገዛ ማሳችን የወጣ ነው።»

«አያ ዳኛው፣ ድርጅቱ እኮ ናሙናውን ልኮልኛል።»

«እነሱ ከዳር ዘግነው ነው የሄዱ። ይሄ ከሆዱ የወጣ ነው።» ከዚያ ወደ ሰውአገኝ ባለቤት ወደ ትዕግስት ዞረና «እስቲ እህቴ፣ ድስቱን አንዴ አውርጂልኝ» አላት።

ድስቱ ከከሰሉ ወረደ። ዳኛው አንዱን ቁራጭ ፍሙ ላይ አጋደመው። ጥቂት ጨሰ፤ ከዚያ በጫፉ ቢጫ ነበልባል ያዘ።

«አየህ? ከዚህ የበለጠ ምን ምስክር አለ?»

«ወጤ ናፍጣ ሊሸት ነው» አለች ትዕግስት።

«ግድ የለሽም። ጋዙ ሲወጣ ሽታ በሌለው ትሠሪዋለሽ።»

ሰውአገኝ ነበልባሉን እያየ «ልየው፤ ገና ነው አያ ዳኛው። ሳልመረምር የምለው ነገር የለም» አለ።

ዳኛው የሰማው «ልየው» ያለውን ብቻ ነው። አገሩ ሲመለስ በሚካኤል ማኅበር ላይ ቆሞ «ወንድሜ ይዞታል» አለ። ችካል የተተከለበትን ማሳ መኪና ይገባበታል ብሎ ሳይዘራው ክረምቱን አሳለፈ፤ ለመንገድ ይሆናል ብሎ ያልደረሰ ባሕር ዛፉን ቆረጠ። ጎረቤቶቹም እሱን አይተው የየራሳቸውን ቆረጡ። ማንም አላስገደዳቸውም። ዳኛው ዋሽቶ አያውቅም፤ ወንድሙ ደግሞ የድንጋይ መምህር ነው።

ሰውአገኝ ከፈትሂያ ጋር ሥራውን ጀመረ። ፈትሂያ የላቦራቶሪው ኃላፊ ናት፤ ፒያሳ ላይ ከአያቶቿ ጀምሮ ጨርቅ ሲነግድ የኖረ ቤተሰብ ልጅ ናት። ጠረጴዛው ላይ የየአገሩ ድንጋይ ተራ በተራ ተቀመጠ። ከኦጋዴን ጥልቅ ጉድጓድ የወጣው፣ ከዓባይ ሸለቆ የመጣው፣ ሰውአገኝ ከፖላንድ በቦርሳው ይዞት የገባው፣ በመጨረሻም የጋባ ሜዳው።

ፈትሂያ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ ሰብራ በእሳት ሞከረቻቸው። የኦጋዴኑ ዝም አለ። የዓባዩና የፖላንዱም ዝም አሉ። የጋባ ሜዳው ጨሰና ነደደ።

«የእናንተው ብቻ ነው የሚጮኸው» አለች።

«የሚጮኸውማ ጥሬ ስለሆነ ነው» አለ ሰውአገኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጭቃው ውስጥ የተቀበረው ቅጠልና አልጌ ስብ አለው። ያ ስብ ጋዝ የሚሆነው ድንጋዩ ሺህ ሜትሮች ወደ ታች ወርዶ፣ በምድር ሙቀት ለሚሊዮን ዓመታት ሲበስል ነው። የኦጋዴኑና የፖላንዱ ወርደዋል፤ በስለዋል፤ የሚነደው ነገራቸው ጋዝ ሆኖ ስላለቀ እሳት ላይ ቢጥሏቸው መልስ አይሰጡም። የጋባ ሜዳው ግን በእነሱ ፊት የትናንት ልጅ ነው። ሐይቁና ረግረጉ ሲደርቁ እሳተ ገሞራ ላዩን አለበሰው እንጂ ወደ ጥልቁ አልወረደም፤ ሙቀቱም አላገኘውም። ስቡ ሳይነካ እንዳለ አለ። የሚነደው ለዚህ ነው። አገሩ ሁሉ የጋዝ ምልክት ብሎ የያዘው ነበልባል ጋዙ አለመኖሩን የሚናገር ነበልባል ነበር።

ሌላም ነገር አለ። ሼል ጋዙን በገዛ ፈቃዱ አይለቅም። ውኃና አሸዋ በኃይል አስገብተው ይሰነጥቁታል፤ ስንጥቁ ደግሞ ተከፍቶ መቆየት አለበት። አሸዋ ወይም ኖራ የበዛበት ድንጋይ እንደ ገል ይሰበራል፤ ስንጥቁም ክፍት ይቆያል። የዓባይ ሸለቆው ከኖራ ድንጋይ ጋር ስለተፈራረቀ እንደዚያ ለመሰበር ይችል ነበር፤ ግን ስስ ነው፤ ወንዙም ቆርጦት ስለወረደ የነበረው ቢኖር ድሮ ተኗል። የፖላንዱ በስሎ ሳለ ሸክላ አፈሩ ስለበዛ ስንጥቁ አልጸና አላቸው። የጋባ ሜዳው ሸክላ ደግሞ ከእሳተ ገሞራ አመድ የመጣ ነው። ፈትሂያ አንዱን ቁራጭ ውኃ ውስጥ አሳድራው ነበር፤ ጠዋት ስታየው እንደ ሊጥ ነፍቷል፤ በጣቷ ብትነካው ጭቃ ሆኖ ቀረ።

«ፖላንድ የነበሩት ኩባንያዎች አንዱን ነገር ቢያጡ አገር ጥለው ሄዱ» አለች እጇን እየታጠበች። «እናንተ ሁለቱንም ነው ያጣችሁት።»

ሰውአገኝ ጠረጴዛው ላይ የቀሩትን ድንጋዮች ወደየከረጢታቸው መለሰ።

«ለወንድምህ ምን ልትለው ነው?»

«ያለውን።»

«ያለውን ንገረው። ማወዳደሪያውን ግን ተወው።»

«ምነው?»

«እኔ ሱቅ ውስጥ ያደግሁ ሰው ነኝ። ባለሱቅ ጨርቅህ ቀለም ይለቃል ቢሉት አይቆጣም። የጎረቤትህ አይለቅም ሲሉት ነው የሚጣላው።»

ሰውአገኝ ምክሩን ሰማ፤ ግን አልገባውም። ማወዳደር ለእሱ የሥራው ሁሉ መሠረት ነው፤ አንድ ድንጋይ ብቻውን ምን ይናገራል? ሪፖርቱን ለድርጅቱ ሰጠ፤ ወንድሙ ከሌላ ሰው እንዳይሰማው ብሎም መንገዱ ክፍት የሆነበትን ሳምንት ጠብቆ ወደ ጋባ ሜዳ ሄደ።

ዕለቱ የማኅበር ቀን ነበር፤ ተራው ደግሞ የዳኛው። ሽማግሌዎቹ መደቡ ላይ ተደርድረዋል፤ የዳኛው ሚስት አባይነሽ ጠላ ትቀዳለች። ሰውአገኝ ጸሎቱ እስኪያልቅ ጠበቀና ተነሥቶ ሁሉንም እንደ ላቦራቶሪው አድርጎ ነገራቸው። የኦጋዴኑ እንዲህ ነው፣ የዓባዩ እንዲህ ነው፣ የፖላንዱ እንዲህ ነው፣ የእኛ ደግሞ እንዲህ። እየተናገረ ሳለ የወንድሙን ፊት አየ። የያዘው ዋንጫ ከንፈሩ ሳይደርስ ቆሞ ነበር።

መጀመሪያ የተናገሩት አያ ወንዴ ናቸው። በሙግት ያረጁ ሰው ናቸው፤ የራሳቸው ክርክር ሲያልቅ የጎረቤታቸውን እየተዋሱ ፍርድ ቤት የሚውሉ።

«እሺ ልጄ፤ ተከራካሪዎቹ እነማን ናቸው?»

«ክርክር አይደለም አያ ወንዴ። ማወዳደር ነው።»

«ሁለቱን አቅርበህ አንዱ በለጠ ካልህ ፍርድ ነው። የኦጋዴን ድንጋይ ረታ፤ የእኛ ተረታ። እንዲህ አይደለም ያልኸው?»

«የኦጋዴኑ በስሏል ነው ያልሁት።»

«የእኛ ጥሬ ነው።» ሰው ሳቀ። አያ ወንዴ ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቁ። «የዚያ አገር ድንጋይ እሳት ላይ ሲጥሉት አይነድም ብለሃል፤ በገዛ አፍህ። የማይነደው ረታ፤ የሚነደው ተረታ። እኔ ይህን ያህል ዘመን ችሎት ስውል እንዲህ ያለ ፍርድ አልሰማሁም። ምስክሩን እነቅፋለሁ፤ ቃሉ አይያዝብን።»

«በምን ይነቅፉታል?» አለ አንዱ እንደ ሥርዓቱ።

«በዘመድነት።»

ሰውአገኝ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «አያ ወንዴ፣ ዘመድ የሚነቀፈው ለዘመዱ ሲያደላ ነው። እኔ ለማን አደላሁ?»

«ዘመድ ለዘመዱ ቢመሰክር ያደላል፤ በዘመዱ ላይ ቢመሰክር ቂም አለው። በሁለቱም ይነቀፋል።»

«እኔ በወንድሜ ላይ ምን ቂም አለኝ?»

«የአባትህን መሬት ድርሻ ተውህ። ያን ጊዜ ማሳ ነበር። አሁን ከበታቹ ሀብት አለ ተባለ። የተወ ሰው አይቆጨውም? የለም ቢል፣ ድርጅቱ ቢሄድ፣ ወንድሙ ተስፋ ቢቆርጥ፣ ነገ መሬቴን መልስልኝ አይልም? ይላል አላልሁም። ይላል ተብሎ ይጠረጠራል፤ ለመንቀፍ ይሄ ይበቃል።»

ሁሉም ወደ ዳኛው ዞረ። የቤቱ ጌታ እሱ ነው፤ ወንድሙም የእሱ ነው፤ አንድ ቃል ቢናገር ነገሩ እዚያው ይሞት ነበር። ሰውአገኝም ያን ቃል ጠበቀ።

ዳኛው ዋንጫውን መሬት አኖረ። በዚያ ክረምት ጦሙን ያደረውን ማሳ፣ በእሱ ቃል ባሕር ዛፋቸውን የጣሉትን ጎረቤቶች እያሰበ ይሁን፣ ሌላ ነገር እያሰበ ይሁን፣ ማንም አላወቀም።

«መሬቱን የተወልኝ ጋዙ ሳይሰማ ነው» አለ ቀና ሳይል። «ይሄ እውነት ነው።»

«ዳኛው፣ ተው» አለች አባይነሽ ከማዶ።

አልተወም። አያ ወንዴ ነገሩን በምርቃት ዘጉት፤ ምስክሩ ተነቀፈ። ማንም አልሰደበውም፤ ማንም እጁን አላነሣበትም። ጠላም ቀዱለት። በሥርዓት፣ በጨዋ ደንብ፣ ሃያ ዓመት የተማረውን ትምህርት ከቤቱ አስወጡት።

ድርጅቱ ሪፖርቱን አንብቦ በዚያው ቀረ። ችካሎቹን የመንደሩ ሴቶች ነቅለው ማገዶ አደረጓቸው። ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎት ነበር ሰውአገኝ፤ ነገር ግን ያልተቆፈረ ጉድጓድ ወሬ አያልቅበትም። ስላልተቆፈረ ማንም ባዶነቱን አላየውም። ገበያ ላይ አንዱ፣ «መምህሩ ለኦጋዴን ፈረደ» ይላል፤ ሌላው «ፖላንድ የተማረ ጊዜ ነው የገዙት» ይላል። ጋዙ በየወሬው እየጨመረ ሄደ። መጀመሪያ ለወረዳው ይበቃል የተባለው አሁን ለአገር ይተርፋል ተባለ። ዳኛው ስልክ ማንሣት ተወ። ትዕግስት ስትደውል አባይነሽ ታነሣና «ማሳ ነው» ትላለች፤ ሲመሽም ማሳ ነው።

ሰውአገኝ በመጨረሻ ምንይችልን ፒያሳ አንድ ካፌ ቀጠረው።

«አንድ ጉድጓድ ብቻ ቆፍሩልኝ» አለው። «ጠባብ ትሁን፤ ሼሉን አልፋ ትውረድ። ሰዉ ቆሞ ይይ።»

ምንይችል የማኪያቶውን አረፋ እያማሰለ አየው። «የለም ብለህ የጻፍህ አንተ ነህ።»

«የለምም።»

«ታዲያ የሌለበት ቦታ ቆፍሩ ትለኛለህ? ለእርቅ ጉድጓድ የሚቆፍር ድርጅት እኔ አላየሁም።» ከዚያ ሳቀ፤ ሳቁ ክፋት አልነበረበትም። «ታውቃለህ ሰውአገኝ፣ ዋሽተህ ቢሆን ኖሮ ቆፍረን ባዶ እናገኘው ነበር። አንተም ‹ድንጋይ ነው፤ ያሳስታል› ትላቸውና ከወንድምህ ጋር ትበላ ነበር። እውነቱን ተናግረህ ውሸታም ሆንህ።»

ሰውአገኝ ይህን አባባል ለብዙ ጊዜ ከአእምሮው ሊያወጣው አልቻለም። ክፍል ውስጥ ስለ ድንጋይ መብሰል ሲያስተምር እንኳ መሃል ላይ ይቆም ነበር፤ ተማሪዎቹ የረሳ እየመሰላቸው ይጠብቁታል።

በዚህ ዓመት የካቲት ላይ ፈትሂያ ላቦራቶሪ ውስጥ አገኘችውና «ወንድምህን አየሁት» አለችው። «ትናንት ከሱቃችን ለባለቤቱ ነጠላ ገዛ። እሷ ዓይኗን ታክማ ታሽጎላታል። እናንተ ጋ ያረፉ መስሎኝ ‹ለሰውአገኝ ሰላም በሉልኝ› ብላቸው ዝም አሉ። መናኸሪያው አጠገብ አልጋ ይዘዋል አሉ።»

ዳኛው ጎንደር መጥቶ አልጋ ያዘ። ይህ ለጋባ ሜዳ ሰው ከስድብ ይከፋል። ወንድም ባለበት ከተማ አልጋ የሚከራይ፣ ወንድሙ የሞተበት ሰው ነው።

ሰውአገኝ ባጃጅ ይዞ ወደ መናኸሪያ ሄደ። የአይከል ሚኒባስ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል፤ ግማሹ የጋባ ሜዳ ሰው ነው። አባይነሽ አንድ ዓይኗ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ በመስኮቱ በኩል ተቀምጣለች፤ ዳኛው አጠገቧ አለ።

«ሰዌ ነህ?» አለች ድምፁን ስትሰማ።

«ነኝ እቴ። ምነው ሳትነግሩኝ? አያ ዳኛው፣ ቤት እያለኝ አልጋ ትከራያለህ?»

ዳኛው ወደ ፊት እያየ መለሰ። «ደህና ነዎት መምህር? እንዳናስቸግርዎ ብለን ነው። የነቀፉትን ሰው ቤት ማደር ነውር ነው።»

ከኋላ የነበሩት ጨዋታቸውን አቁመው ጆሯቸውን ጣሉ። ሰውአገኝ በበሩ ላይ እንደ ቆመ የወንድሙን እጆች አየ፤ ጉልበቱ ላይ ተጋድመዋል፤ አርጅተዋል። ሊናገር የፈለገው ብዙ ነበር። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ጥልቀቱ፣ ስለ ሸክላው ሁሉ እንደገና ሊያስረዳው ይችል ነበር። ግን ማስረዳት ያመጣውን አይቶታል።

«አያ ዳኛው» አለ። «እኔ እኮ የሁሉንም ቦታ ድንጋይ አላየሁም። ሰው ነኝ። ልሳሳት እችላለሁ።»

እያንዳንዱ ቃል እውነት ነበር። አንድ ላይ ሲሆን ግን ውሸት ነበር፤ ከሁለቱ ወንድማማቾች አንዱ ይህን ያውቃል።

ዳኛው ዞሮ አየው። «ምን አልህ?»

«ተሳስቼ ይሆናል።»

«ሰማችሁ?» አለ ዳኛው ወደ ኋላ። «ተሳስቼ ይሆናል አለ። በራሱ አፍ።»

«እኔ ሰምቻለሁ» አለ አንዱ ከኋላ ወንበር። «ለአያ ወንዴም እመሰክራለሁ። ዘመዱም አይደለሁ፤ አልነቀፍም።»

ሚኒባሱ ሙሉ ሳቀ። ዳኛውም ሳቀ፤ ለወራት ሰውአገኝ ያልሰማው ሳቅ ነበር። ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀለት፤ ክንዱን ይዞ ጎትቶ አስቀመጠው። «ና እስቲ፣ እስኪሞላ ተቀመጥ። ከሳህ ሰዌ፤ ትዕግስት አታበላህም? ትዕግስት ደህና ናት?»

«ደህና ናት።»

«እኔ እኮ ለሰው ሁሉ ብያለሁ፤ ልጁ ክፉ አይደለም፣ አሳስተውት ነው ብያለሁ። አላልሁም አባይነሽ?»

አባይነሽ ባልተሸፈነው ዓይኗ ሰውአገኝን ታየው ነበር፤ እሱም አስተያየቷን መሸከም አቅቶት ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ።

«እንግዲህ ድርጅት አንለምንም» አለ ዳኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንደ ምሥጢር። «ክረምት ሳይገባ በደቦ እንቆፍረዋለን። ሰዉ ተስማምቷል፤ የቀረን ያንተ ቃል ነበር። ከወንዙ ዳር፣ ድንጋዩ ከሚወጣበት ልንጀምር ነው።»

«ከወንዙ ዳር አይሆንም» አለ ሰውአገኝ ቶሎ።

«ምነው?»

«ሸክላው ይናዳል። ሰው ይበላል። ከላይ ቆፍሩ፤ ጥቁሩ ድንጋይ ባለበት።»

«እዚያ ይገኛል?»

ረዳቱ የመጨረሻውን ሰው እያስገባ «ውረድ፣ የማትሄድ ውረድ» አለ። ሰውአገኝ ተነሣ። ጥቁሩ ድንጋይ በዶማ የማይደፈር አለት ነው፤ ክንዳቸውን ጨርሰው፣ ዶማቸውን ሰብረው ያቆማሉ፤ ግን ማንም አይቀበርበትም።

«ይጠነክራል» አለ።

«ይጠንክር» አለ ዳኛው፣ በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ እየሳቀ። «ሰው እንደሆን ሞልቶናል።»